ስም በስንት ባይት ይጻፋል?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። በስደት ዓለም ግን መልአኩ ያወጣውን ስም የሚጽፈው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ እርሱ የጻፈውን ደግሞ የሚያኖረው ወይም የሚቈርጠው ኮምፒውተር ነው። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል መንትያ ከተሞች ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ በሐኪምነት ስሠራ፣ የወገኖቼ ስም በእነዚህ እጆች ሲያልፍ ምን እንደሚደርስበት ደጋግሜ አይቻለሁ። የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ይሁንና ሐኪም ሕመሙን ከመመርመሩ በፊት ታማሚው ማን እንደ ሆነ ማወቅ አለበትና፣ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ለመረዳት ስል ብዙ ማታዎችን አሳልፌአለሁ። የተረዳሁትን ለአንባቢ ማካፈል የፈለግሁት፣ ጉዳዩ ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው ስላልመሰለኝ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ፊደል እንዲይዝ ከተፈለገ፣ ሰዎች አስቀድመው ተስማምተው ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር መስጠት ይኖርባቸዋል። ስምምነቱ ግን አንድ አልነበረም። «አስኪ» በተባለው ሰንጠረዥ የእንግሊዝኛው ትልቁ «ኤ» ቁጥሩ 65 ነው። ሜይንፍሬም የሚባሉት የአይቢኤም ታላላቅ ኮምፒውተሮች በሚሠሩበት «ኤብሲዲክ» በተባለው ሰንጠረዥ ግን ያው ፊደል 193 ነው። ኤብሲዲክ አሠራሩን የወረሰው ከቀዳዳ ካርዶች በመሆኑ፣ በፊደላቱ ረድፍ መካከል ክፍተት አለበት፤ ዘጠነኛው የላቲን ፊደል 201 ሲሆን ዐሥረኛው 209 ነው። እንግዲህ አንዱ ኮምፒውተር ለሌላው ጽሑፍ ሲልክ በመካከላቸው አስተርጓሚ ያስፈልጋል። አስተርጓሚው በሁለቱም ሰንጠረዥ የሌለ ፊደል ሲያጋጥመው ምን ያደርጋል? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

የዚህ ታሪክ አንድ ምዕራፍ የተጻፈው እኛ በተሰደድንበት በዚሁ ምድር መሆኑን ስረዳ ተገርሜአለሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የጠላትን ምስጢራዊ መልእክት ሲፈቱ የነበሩ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1946 በሴንት ፖል፣ ቀድሞ ሞተር አልባ አውሮፕላን ይሠራበት በነበረ ፋብሪካ ውስጥ፣ ኢንጂነሪንግ ሪሰርች አሶሲየትስ የተባለ ኩባንያ ከፈቱ። ኩባንያው በ1952 ለሬሚንግተን ራንድ ተሸጠ። በ1957 ዊልያም ኖሪስና ባልደረቦቹ ከዚያ ወጥተው በሚኒያፖሊስ ኮንትሮል ዳታ ኮርፖሬሽንን አቋቋሙ። ሲይሞር ክሬይ የነደፈው የዚህ ኩባንያ 6600 የተባለ ኮምፒውተር በ1964 ብቅ ሲል በዓለም ላይ በፍጥነት ተወዳዳሪ አልነበረውም። ይህን ዘመን የሚመለከቱ ሰነዶች ዛሬ የሚገኙት በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በቻርልስ ባቤጅ ተቋም ነው። ሰነዶቹ የተቀመጡበት ሕንፃ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተ ምዕራብ፣ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣው ስደተኛ ከሰፈረበት ከሴዳር ሪቨርሳይድ አጠገብ ነው።

በዚያ ፈጣን ኮምፒውተር አንድ ፊደል የሚቀመጠው በስድስት ቢት ነበር። ስድስት ቢት ደግሞ ከ64 ምልክቶች በላይ መያዝ አይችልም። ሃያ ስድስት የላቲን ትልልቅ ፊደላት፣ ዐሥር አኃዞችና ጥቂት የሒሳብና የነጥብ ምልክቶች ሰንጠረዡን ሞሉት። የእንግሊዝኛው ትንንሽ ፊደላት እንኳ ማደሪያ አጡ። ይህ የሆነው በንቀት አልነበረም። በዚያን ጊዜ የኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ ማለት እንደ ጨሌ በቀጭን ሽቦ የተሰኩ የማግኔት ቀለበቶች ነበር፤ እያንዳንዷ ቀለበት አንዲት ቢት ስለምትይዝ፣ ከእያንዳንዱ ፊደል ላይ የተቀነሰች ቢት ሁሉ ገንዘብ ታድን ነበር።

በዚያው በ1964 አይቢኤም ሲስተም 360 የተባለውን ቤተ ሰብ ይፋ ሲያደርግ፣ ባይት ስምንት ቢት፣ ሰንጠረዡም 256 ቦታ ሆነ። ለላቲን ፊደል ይህ ሰፊ አዳራሽ ነው። የእኛን ፊደል ብናስገባበትስ? ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ። እንደ ቈ፣ ኰ፣ ጐ ያሉትን ዲቃላዎች፣ ሃያዎቹን የግእዝ አኃዞች፣ አራት ነጥቡንና ነጠላ ሰረዙን ስንጨምር አዳራሹ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ለአንድ የላቲን ፊደል እንኳ ቦታ አይተርፍም። ሌላው ዓለም ባሰፋው ልክ እንኳ ፊደላችን ልኩ አልሆነም ማለት ነው።

ይህን የፊደል ነገር በቈዳዬ ያወቅሁት አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት ነው። ሕክምና የተማርሁት በሌኒንግራድ ነበር፤ እዚያ ሳለሁ በ1991 ከተማዋ ራሷ ስሟን ለውጣ ሴንት ፒተርስበርግ ተባለች። የአባቴ ስም በ«ኃ» ይጀምራል። ሩስያኛ ይህን ድምፅ በትክክል የሚወክል ፊደል ስለሌለው፣ አንዱ ጸሐፊ «ጋ» ሲለው ሌላው «ኻ» አለው፤ ዲፕሎማዬ ከሩስያኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጐም ደግሞ ፓስፖርቴ ላይ የሌለ «ኬ» ተጨመረበት። በአሜሪካ የሙያ ፈቃድ ስጠይቅ፣ በሦስት ወረቀት ላይ ያሉት ሦስት ሰዎች አንድ እኔ መሆናቸውን ለአንድ መሥሪያ ቤት በመሐላ ማስረዳት ነበረብኝ። ያ መሐላ ወራት ፈጅቶብኛል፤ ሕይወቴን ግን ለአደጋ አላጋለጠውም። ታማሚ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው።

ሩስያውያን በዚህ ረገድ አንድ ብልኀት ነበራቸው። «ኮይ-8» የተባለውን የኮምፒውተር ሰንጠረዛቸውን ሲያዘጋጁ ፊደላቱን በራሳቸው ተራ ሳይሆን በድምፅ ከሚመስሏቸው የላቲን ፊደላት ትይዩ ደረደሯቸው። ስምንተኛዋ ቢት በመንገድ ላይ ብትጠፋ፣ ጽሑፉ በላቲን ፊደል እንደ ተጻፈ ሩስያኛ ሆኖ ይነበባል። ለሚደርስበት ጉዳት አስቀድሞ የተዘጋጀ ፊደል ማለት ይህ ነው። በእኛም በኩል በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ የግእዝን ፊደል ያለ ኪሳራ በአስኪ ለመጻፍ የሚያስችል ሥርዐት አቅርበው ነበር። የእንግሊዝኛ ስሙ ሲያጥር «ሴራ» ይሆናል፤ ስሙ በአማርኛ መጥፎ ቢሆንም ሐሳቡ ቅን ነበር። ብልኀቱም ትንሹን «ቲ» ለ«ተ»፣ ትልቁን «ቲ» ለ«ጠ» መስጠት ነበር። ነገር ግን ስምን ሁሉ በትልልቅ ፊደላት ብቻ በሚያትም ኮምፒውተር ላይ «ተ» እና «ጠ» ተመልሰው አንድ ይሆናሉ።

ውድ አንባቢ፣ የዚያን ዘመን የአማርኛ መጻፊያዎች ታስታውስ ይሆናል። እያንዳንዱ አዘጋጅ የግእዙን ፊደል በላቲኑ ቁጥር ላይ እንደ ፈቃዱ ይጭነው ነበር፤ ቦታው ስለማይበቃም ፊደሉን በሁለት ፎንት ይከፍለዋል። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የጅል ልጅ ጭረት ይመስል ነበር። ለዚህ መድኃኒት የሆነው ዩኒኮድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው የዩኒኮድ ዕትም 345 የኢትዮጵያ ፊደላት፣ አኃዞችና ምልክቶች የየራሳቸውን ቁጥር አገኙ። «ሀ» 4608 ሆነች። ፊደሉ ስምንት ስምንት ሆኖ በቤት በቤቱ ስለ ተደረደረ፣ «ለ» 4616 ላይ ይጀምራል፤ ተራውም አባቶቻችን ያስተማሩን የ«ሀ ለ ሐ መ» ተራ ነው። በ2005 ደግሞ ለሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨመሩ።

በዚህ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የጽሕፈት መኪና ከመጣ ጀምሮ፣ ፊደላችን ለመኪናው ሲባል ይቀነስ የሚለው ክርክር ደጋግሞ ተነሥቷል። በመጨረሻ ግን የተለወጠው መኪናው ነው። ሰንጠረዡ ሰፋ፤ ፊደሉ ሳይጐድል ገባ።

ታዲያ ችግሩ ተፈታ ማለት ነውን? በኪሳችን ባለው ስልክ ላይ ተፈቷል። በመድን ድርጅቶች፣ በባንኮችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጓዳ ውስጥ ግን ዛሬም ሜይንፍሬም ይሠራል፤ በ1959 በተጠነሰሰው በኮቦል ቋንቋ የተጻፉ ፕሮግራሞች ዛሬም ስማችንን ይቀበላሉ፣ ይደረድራሉ፣ ያስተላልፋሉ። በሐኪም ዐይን ሳየው፣ በዚያ ጓዳ የግእዝ ፊደል በሦስት ዐይነት ሕመም ይታመማል።

የመጀመሪያው የተሳሳተ ንባብ ነው። ዩኒኮድን ለማስተላለፍ በብዛት የሚሠራበት «ዩቲኤፍ-8» የተባለው ዘዴ፣ ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 የቀየሱት፣ ለአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት፣ ለአንድ የግእዝ ፊደል ግን ሦስት ባይት ይሰጣል። «አ» በ225፣ በ138 እና በ160 ትጻፋለች። ተቀባዩ ሦስቱን ባይቶች ለየብቻ ካነበባቸው በአንዲት «አ» ፋንታ ሦስት እንግዳ ምልክቶች ያያል። ይህ መልክ ያበላሻል እንጂ አይገድልም፤ ባይቶቹ እንዳሉ ስለሆኑ ትክክለኛውን ሰንጠረዥ የያዘ ሰው ሊያድናቸው ይችላል።

ሁለተኛው መቈረጥ ነው። በአሮጌ መዝገቦች ለእያንዳንዱ ነገር የተወሰነ ስፋት ያለው አምድ አለ። ለስም ሃያ ባይት ተሰጥቷል እንበል። «ወልደገብርኤል» ስምንት ፊደል ስለሆነ በዩቲኤፍ-8 ሃያ አራት ባይት ይፈልጋል። ስድስቱ ፊደላት ዐሥራ ስምንት ባይት ይይዛሉ፤ ከ«ኤ» ሦስት ባይቶች ሁለቱ ብቻ ይገቡና የቀረው ይጣላል። በመዝገቡ ላይ የሚቀረው «ወልደገብር» እና አንድ ስባሪ ነው። ከመልአኩ ስም ውስጥ አምላክ ማለት የሆነው «ኤል» ተቈርጦ ቀረ ማለት ነው። ያው ስም ለእያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ሁለት ባይት በሚሰጠው በ«ዩቲኤፍ-16» ቢጻፍ ኖሮ በዐሥራ ስድስት ባይት ያለ ችግር ይገባ ነበር። ስለዚህ ፕሮግራም ጸሐፊው ፊደልን ከባይት ለይቶ መቍጠር አለበት።

ሦስተኛው ሞት ነው፤ ባለሙያዎቹ መተካት ይሉታል። አስተርጓሚው ከዩኒኮድ ወደ ኤብሲዲክ ሲመልስ በሰንጠረዡ የሌለ ፊደል ካገኘ፣ በቦታው «ምትክ» የሚባል ምልክት ያኖራል፤ የዚህ ምልክት የኤብሲዲክ ቁጥር 63 ነው። እንግዲህ አበበ፣ ከበደና ተሰማ የተባሉ ሦስት ሰዎች በዚህ በር ቢያልፉ፣ የሦስቱም ስም 63፣ 63፣ 63 ይሆናል። ከዚያ በኋላ የትኛው የማን እንደ ነበረ ሊመልስ የሚችል ብልኀተኛ የለም። ፕሮግራሙ ግን ሥራውን ያለ ስሕተት እንደ ጨረሰ ቈጥሮ ይቀጥላል።

የአይቢኤም የኮቦል ቋንቋ ከ2001 ጀምሮ ዩቲኤፍ-16ን፣ ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ዩቲኤፍ-8ን ራሱን በቀጥታ መያዝ ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው የለም ማለት አይቻልም። ነገር ግን መዝገብ እንደ ሰንሰለት ነው፤ ጥንካሬው የሚለካው በደካማው ቀለበት ነው። በአሜሪካ የሕክምና ክፍያ ጥያቄ በኤሌክትሮኒክስ የሚላክበት «ኤክስ 12» የተባለው መደበኛ ቅርጽ፣ መሠረታዊ ስብስቡ የላቲን ትልልቅ ፊደላት፣ አኃዞችና ጥቂት ምልክቶች ናቸው። ይህን ስመለከት ያ የ1964ቱ ጠባብ ሰንጠረዥ በሌላ ልብስ አሁንም አብሮን እንዳለ ይሰማኛል። በዚህም ምክንያት ክሊኒኮች ስማችንን በፊደላችን አይጠይቁንም፤ በላቲን ይጽፉታል፤ አጻጻፉም እንደ ጸሐፊው ጆሮ ይለያያል።

ይህ ከሰው ሕይወት ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ልንገራችሁ። ስማቸው በ«ፀ» የሚጀምር አንዲት እናት ነበሩ። በአንድ የሕክምና ተቋም ሁለት መዝገብ ተከፍቶላቸዋል፤ አንደኛው በ«ቲ»፣ ሁለተኛው በ«ኤስ» ይጀምራል። በመጀመሪያው ላይ ፔኒሲሊን ክፉኛ እንደሚጎዳቸው ተጽፏል፤ በሁለተኛው ላይ ግን «የሚታወቅ አለርጂ የለም» ይላል። አንድ ቀን በሌላ ክፍል የታዘዘላቸውን ብልቃጥ ሳይከፍቱት ይዘውት መጡና፣ «ልጄ፣ ይሄ ያኔ ፊቴን ያሳበጠው መድኃኒት አይደለም ወይ?» አሉኝ። አሞክሲሲሊን ነበር፤ የፔኒሲሊን ወገን ነው። «እማማ፣ እንኳን ጠየቁኝ፤ እንዳይወስዱት» አልኋቸው። ያን ዕለት ያዳናቸው የራሳቸው ጥርጣሬ ነው። መዝገቡ ሊያድናቸው አልቻለም፤ በመዝገቡ ዘንድ እሳቸው ሁለት ሴቶች ነበሩና።

«የልደት ቀናቸውስ?» ትሉኝ ይሆናል። በአሜሪካ ሆስፒታሎች ታማሚን ቢያንስ በሁለት መለያ ማረጋገጥ የተለመደ ደንብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በስምና በልደት ቀን። ነገር ግን የልደት ቀናቸውን በሰነድ ማስረዳት ያልቻሉ ብዙ ስደተኞች «ጃንዋሪ 1» ተብለው ተመዝግበዋል። ጳጉሜን የተወለደ ሰውም ወሩ ዐሥራ ሦስተኛ ስለሆነ የሚቀበለው ቅጽ የለም። እኒያ እናት በሁለቱም መዝገብ የተወለዱት ጃንዋሪ 1 ነው፤ በዚያው ክሊኒክ በዚያው ቀን «የተወለዱ» ሌሎች ብዙ ነበሩ። የልደቱ ቀን ሰውን መለየት ሲያቅተው ሸክሙ ሁሉ በስም ላይ ይወድቃል።

በእኛም በኩል ያለውን ሳልናገር ባልፍ ፍርዴ ሚዛን ያጣል። ፊደላችን ሞክሼዎች አሉት። አንዱ ፀሐይን በ«ፀ» ሲጽፍ ሌላው በ«ጸ» ይጽፋል፤ «ሐ»ን በ«ሀ» የሚለውጥም አለ። ለኮምፒውተር «ጸ» 4920፣ «ፀ» ደግሞ 4928 ነው፤ ዝምድናቸውን አያውቅም። ስለዚህ ስማችን በግእዝ ፊደል ተመዘገበ ማለት ብቻውን አይበቃም። መፍትሔው ግን ሞክሼዎችን ማጥፋት አይደለም። ፕሮግራሙ ሲፈልግ «ጸ»ን እና «ፀ»ን፣ «አ»ን እና «ዐ»ን እንደ አንድ ይቍጠራቸው፤ ሲያኖር ግን ባለቤቱ እንደ ጻፈው ሳይነካ ያኑረው። ሐኪም ከናሙናው ቈርጦ ቀለም ነክሮ ይመረምራል እንጂ ዋናውን ናሙና አይጥልም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከሚኒያፖሊስ ወደ ሰሜን ምዕራብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ኮሌጅቪል በሚገኘው በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሂል በተባለው ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተነሡ ወደ 9,000 ገደማ የብራና መጻሕፍት ቅጂ ይገኛል። በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ረዥም ዘመናቸውን እነዚህን መጻሕፍት በመመርመርና በመዘርዘር አሳልፈዋል። ፊልሙ የጸሐፊውን እጅ እንዳለ ይዟል፤ ሊቁ አስተያየታቸውን ሲጽፉ በጎን ይጽፋሉ እንጂ ጥንታዊውን ጽሑፍ አይፍቁም። የሕሙማን መዝገብ ከዚህ የተለየ ክብር አይሻም። ስም በባለቤቱ ፊደል ይኑር፤ የላቲኑ አጻጻፍ በጎኑ ይቀመጥ፤ ሁለቱ ሲጋጩም ባለቤቱ ይጠየቅ።

ወጪው ብዙ ነው የሚል ይኖራል፤ እውነትም ነው። በሜይንፍሬም ላይ የአንድን አምድ ስፋት መለወጥ ማለት ያንን መዝገብ የሚያነቡትን ፕሮግራሞች ሁሉ ፈልጎ ማስተካከል ነው። ነገር ግን ዓለም ይህን አንድ ጊዜ ሠርቶታል። እ.ኤ.አ. ከ2000 መግቢያ በፊት፣ ዓመትን በሁለት አኃዝ ይጽፉ የነበሩ ፕሮግራሞች ዳግመኛ ተመርምረው ብዙዎቹ ወደ አራት አኃዝ ሰፍተዋል፤ አስፈላጊነቱ ስለ ታመነበት ገንዘቡም ባለሙያውም ተገኝቷል።

ከልጆቻችን መካከል በዚህ ከተማ በፕሮግራም ጽሕፈት የሚተዳደሩ ብዙዎች ናቸው። እነርሱን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ በሚሠሩበት መሥሪያ ቤት የሰው ስም ከገባበት ደጅ እስከ መጨረሻው ጓዳ ድረስ ተከትለው ይሂዱና፣ የሚቈረጥበትን አምድና የሚተካበትን በር ያግኙ፤ አግኝተውም ለአለቆቻቸው በጽሑፍ ያሳውቁ። ወላጆቻችንን ወደ ሐኪም የምናደርስ ደግሞ፣ ስማቸው በመታወቂያቸው ላይ እንዳለ በየክሊኒኩ አንድ ዐይነት ሆኖ መጻፉን እናረጋግጥ፤ ሌላ መዝገብ እንዳላቸውም እንጠይቅ። የማይስማማቸውን መድኃኒት በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፈን በቦርሳቸው እናኑርላቸው። አምዱ እስኪሰፋ ድረስ ያ ወረቀት በሁለቱም መዝገብ ያለችውን ሴት አንድ ያደርጋታል።